ማንኮራፋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀን ማንቀላፋት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ መመርመርና መታከም

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም ወይም አሚትሪፕቲሊን ይዞ ይመለሳል። ችግሩ ግን አንድ አይደለም፤ በዚህ ቃል ሥር አራት አምስት የማይመሳሰሉ ሕመሞች ተደብቀዋል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ዲያዜፓም ሲውጥ የጉሮሮው ጡንቻ ይበልጥ ይላላል፣ መቋረጡም ይረዝማል። ማታ ማታ እግሩ የሚያቁነጠንጠው ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ሲወስድ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት የትኛው እንደያዘዎት መለየት አለበት። አብዛኛው የመለየት ሥራ በደብተርና በስልክ፣ እቤት የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬደው ጥቂቱ ነው።

የ14 ሌሊት ደብተር

አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይግዙ፤ ለአንድ ሌሊት አንድ መስመር ይበቃል። ጠዋት ከተነሱ በኋላ የሚጽፉት፦ አልጋ የገቡበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰደዎት በግምት ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ ለሽንት ስንት ጊዜ እንደተነሱ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የነቁበት ሰዓት፣ ከአልጋ የወረዱበት ሰዓት። ማታ ደግሞ የቀኑን ይጨምራሉ፦ ቡና ስንት ስኒ፣ የመጨረሻው በስንት ሰዓት፣ ጫት ከስንት እስከ ስንት፣ ጠላ፣ ቢራ ወይም አረቄ፣ ቀን ያሸለቡበት ደቂቃ፣ የዋጡት መድኃኒት ሁሉ ከነሰዓቱ።

ሌሊት እየነቁ ስልክ ከፍቶ ሰዓት ማየት ደብተሩን ያበላሸዋል። የሚፈለገው ግምት ነው፤ ሰዓት ማየቱ ራሱ እንቅልፍ ያባርራል። «ቡና ሁለት ስኒ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት የጠጡትን አይቆጥሩም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከሆነ ሦስት ነው፤ ሁለት ቤት ከተጠራ ስድስት። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይም ሥራውን አልጨረሰም።

የመድኃኒቱን ሰዓት ማንም አይጠይቅዎትምና ራስዎ ይጻፉት። ላሲክስ ወይም ሌላ ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሲያስነሳ ያድራል። ፕሬድኒሶሎንም ማታ ከተዋጠ ዓይን ያስፈጥጣል። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር ብቻውን የሚፈታው ችግር አለ፤ ግን ካዘዘልዎት ሐኪም ጋር ተነጋግረው ይሁን።

አብሮዎት የሚተኛው ሰው የሚያየውና ስልኩ የሚቀዳው

የሚያንኮራፋ ሰው ማንኮራፋቱን አያውቅም። ባለቤትዎ ወይም አንድ ክፍል የሚያድር ዘመድ በሁለት ሌሊቶች 30፣ 30 ደቂቃ ይቅረጽዎት። ስልኩ ከራስጌ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደረትና ሆድ እንዲታይ ደብዘዝ ያለ መብራት በርቶ ይሁን። የተሻለው ጊዜ ወደ ንጋት፣ በተለይ በጀርባዎ ተኝተው ሳለ ነው። መቋረጡ ያኔ ይበዛል።

የሚፈለገው ይህ ነው፦ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረትና ሆድ ይታገላሉ፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ በማነቅ ድምፅ ይመለሳል። ጸጥታው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ብለው ይቁጠሩ። ይህ ቪዲዮ ሐኪሙ ፊት ከረጅም ንግግር ይበልጣል። ልጅዎም ቢሆን አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያንኮራፋና አልጋ የሚያረጥብ ከሆነ እንዲሁ ይቅረጹት።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሱ። አንገትዎን በማንቁርት አጥንት ከፍታ ይለኩ። ከዚያም እነዚህን ስምንት ነገሮች ይቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ፦

- ከክፍሉ ውጭ የሚሰማ ማንኮራፋት
- ቀን ቀን ድካም ወይም ማንቀላፋት
- ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰው አይቷል
- ደም ግፊት አለ ወይም ይታከማል
- ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ተካፍሎ ከ35 በላይ
- ዕድሜ ከ50 በላይ
- አንገት ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ
- ወንድ መሆን

ስሌቱ ለማይመች፦ 86 ኪሎና 1.65 ሜትር የሆነ ሰው፣ 86 ሲካፈል ለ1.65፣ እንደገና ለ1.65፣ 31.6 ይሆናል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ነጥብ አያገኝም። ጠቅላላው 0–2 ከሆነ ሥጋቱ ዝቅተኛ፣ 3–4 መካከለኛ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ቀጭን ሰው ነኝ ብሎ መዝናናት አያስኬድም። መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ወይም ትልቅ እንቅርት ያለበት ሰው ሳይወፍርም ትንፋሹ ይታፈናል።

የቀን እንቅልፍንም በቁጥር መያዝ ይቻላል። በስምንት ሁኔታዎች የማንቀላፋት ዕድልዎን ከ0 (በፍጹም) እስከ 3 (ዕድሉ ከፍተኛ) ይስጡ፦ ተቀምጠው ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ስብሰባ ወይም ለቅሶ ቤት ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ ለአንድ ሰዓት ሳይቆም በሚሄድ መኪና ተሳፋሪ ሆነው፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ያለ መጠጥ ምሳ በልተው ጸጥ ብለው ሲቀመጡ፣ በመንገድ መዘጋጋት በቆመ መኪና ውስጥ። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ለአራተኛው ጥያቄ ያጥራል፤ ወደ ወልዲያ የሚሄዱበትን ያስቡ። ድምሩ ከ10 በላይ ከሆነ የቀኑ እንቅልፍ ከልክ ያለፈ ነው።

ከሰል፣ ዱካክ፣ ጫት

ጠዋት ራስን የሚፈልጥ ሕመም የትንፋሽ መቋረጥ አንዱ ምልክት ነው። ደሴ ግን ብርድ ናት፤ የከሰል ምድጃ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትም ያንኑ ራስ ምታት ያመጣል፣ ይገድላልም። የሚለየው እንዲህ ነው፦ አንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው፣ ውጭ ወጥተው አየር ሲያገኙም ከቀለላቸው፣ ጥፋቱ የጭሱ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን አይለይም፤ በከሰል ጭስ የተመረዘን ደም ደህና አስመስሎ ያሳያል።

ዱካክ፣ ነቅተው ሳለ ሰውነት አልንቀሳቀስ ብሎ ደረት ላይ አንዳች የተቀመጠ የሚመስልበት ሁኔታ፣ አልፎ አልፎ ከሆነ በሽታ አይደለም። እንቅልፍ ሲዛባና በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። ከዱካኩ ጋር ቀን ቀን የማይመለስ እንቅልፍ ካለ፣ ሲስቁ ወይም ሲናደዱ ደግሞ ጉልበት ክድት የሚል ከሆነ ግን ለሐኪሙ በግልጽ ይነገር፤ ያ ናርኮሌፕሲ የሚባለው ሊሆን ይችላል።

በርጫ የሚቀመጥ ሰው የራሱ ዑደት አለው። ምርቃናው ሌሊቱን ይወስዳል፣ ጨብሲው በግድ ያስተኛል፣ መጠጡ ሲበርድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያባንናል። ጫት ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ድካምና እንቅልፍ ይበዛል፣ ሕልሙ ይከፋል፣ ዱካኩ ይመጣል። ብዙ ሰው ተመልሶ የሚቅመው ያን ፈርቶ ነው። ይቀንሳል፤ የቀናት እንጂ የዓመታት ጉዳይ አይደለም። ለሐኪም ሲነግሩ መጠኑን አያሳንሱ። ሳይነገር ቀርቶ የተሰጠ የእንቅልፍ መድኃኒት ከጫቱ ጋር ሲጎተት ይኖራል።

ካርድ ከማውጣት እስከ ሪፈር

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መነሻው የቀበሌዎ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ሳይታዩ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው በራስዎ ሊሆን ይችላል። የመድን መታወቂያዎ መታደሱን አስቀድመው ይዩ። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዘው የሚሄዱበት ከፍተኛው የአካባቢው ሆስፒታል ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ ግን ባዶ ሆድ የሚወሰድ ደም ስላለ ቁርስ ሳይበሉ ይውጡ።

የትኛው ክፍል? የትንፋሽ መቋረጥ ከተጠረጠረ የውስጥ ደዌ። ልጅ ከሆነ፣ ወይም አፍንጫ የተዘጋና ቶንሲል ያበጠ ከሆነ ከአንገት በላይ ሐኪም። እንቅልፍ ማጣቱ ከጭንቀት፣ ከሐዘን፣ ከድባቴ ጋር ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን «እብድ አይደለሁም» ብሎ ይሸሻል። ጦርነቱ በዚህ ከተማ ካለፈ ወዲህ ሌሊት በጩኸት የሚባንን፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚነሳ ሰው ትክክለኛ ቦታው ግን እዚያ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

ለሐኪሙ ደብተሩን፣ ቪዲዮውንና ሁለቱን ቁጥሮች ያሳዩ። ከዚያ የሚጠበቁት ምርመራዎች፦ የደም ግፊት፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ የደም ሴል ቆጠራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፤ እግር የሚያቁነጠንጥ ከሆነ ደግሞ ፌሪቲን። ፌሪቲን የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳይ ነው። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲን ዝቅ ሊል ስለሚችል «ደምህ ደህና ነው» ሲባል ፌሪቲን መታየቱን ይጠይቁ። ምርመራው በሆስፒታሉ ላብራቶሪ የማይሠራ ከሆነ ወደ ግል ላብራቶሪ ሊልኩዎት ይችላሉ።

ሌሊቱን የሚመዘግበው ምርመራ

ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ እቤት የሚደረገው ነው፦ አፍንጫ ሥር የአየር ፍሰት የሚለካ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ። ሙሉው ምርመራ በዚህ ላይ የአንጎል ሞገድን፣ የዓይን እንቅስቃሴን፣ የአገጭና የእግር ጡንቻን፣ ልብን ይጨምራል፤ ባለሙያ እየተከታተለ ላብራቶሪ ያድራሉ። ለተራ የትንፋሽ መቋረጥ የመጀመሪያው ይበቃል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ፣ ሌሊት የሚጥል በሽታ ከተጠረጠረ፣ ናርኮሌፕሲ ከተባለ ሙሉው ያስፈልጋል። ለዚህ ሪፈር ሲጻፍልዎ ከመጓዝዎ በፊት ስልክ ደውለው አራት ነገር ያረጋግጡ፦ ማሽኑ በዚያ ሳምንት እየሠራ መሆኑን፣ የቀጠሮውን ሌሊት፣ ዋጋውን፣ መድንዎ ከዚያ ተቋም ጋር ውል ያለው መሆኑን። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ «ወር ቆይተህ ና» መባል የሚመጣው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

የዝግጅቱ ነገር በእኛ አገር የራሱ ዝርዝር አለው። የአንጎል ሞገድ የሚለካው ሽቦ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፤ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቅቤም ቅባትም ይቅር፣ ፀጉሩ በዕለቱ ይታጠብ። ጥብቅ ሹሩባ የራስ ቆዳውን ስለሚሸፍን ይፈታ። ጣት ላይ ያለ እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም የኦክስጅን መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ሰርግ ካለብዎ ምርመራውን አስቀድሙት፣ ወይም አንድ ጣት ሳይቀባ ይቅር። በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ፣ ቀን አይተኛ። ጫት የሚቅም ሰው በዋዜማው ብቻ ቢተው በማቆም የሚመጣውን እንቅልፍ ነው የሚመረምሩለት፤ ስለዚህ መቼ እንደሚያቆም ከሐኪሙ ጋር ይወስን። የሚወስዱትን መድኃኒት ያለ ትእዛዝ አያቋርጡ።

ውጤቱ ላይ ዋናው ቁጥር በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ ነው። ለአዋቂ ከ5 በታች ደህና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ። ከጎኑ ዝቅተኛው ኦክስጅን ይጻፋል፤ እዚህ ላይ ከፍታው ይግባ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው ነቅቶ ሳለ 92 ወይም 93 ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ መደበኛው የባሕር ወለል ሰንጠረዥ ግን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ የነቁበትን መነሻ ቁጥር አብረው ይያዙ፤ የሚታየው ከዚያ ምን ያህል እንደወረደ ነው።

ትንፋሽ ለሚቋረጥበት

ቀላል ከሆነ፦ በጎን መተኛት (ከፒጃማ ጀርባ ኪስ ሰፍቶ የቴኒስ ኳስ መክተት የቆየ ግን የሚሠራ ዘዴ ነው)፣ ማታ መጠጥ መተው፣ ክብደት መቀነስ። ከክብደት አንድ አሥረኛውን መቀነስ የመቋረጡን ቁጥር በሩብ ገደማ ያወርዳል። የ86 ኪሎው ሰው 77 ሲደርስ ማለት ነው። ታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚይዝ የጥርስ ማሰሪያ ለቀላልና ለመካከለኛው ይሆናል።

መካከለኛና ከባድ ከሆነ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ ነው፤ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን። ብዙ ሰው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ያስመጣዋል፣ ስለዚህ ከመላኩ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ፦

1. ግፊቱ በሐኪም የታዘዘ ይሁን። ራሱ ግፊት የሚያስተካክለው ዓይነት ከ4 እስከ 20 ባለው መካከል ይሠራል፣ ክልሉ ግን ለእርስዎ መጥበብ አለበት።
2. የከፍታ ወሰኑን ከመመሪያ ደብተሩ ያንብቡ። ከ2,400 እስከ 2,600 ሜትር ወሰን የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። ለኮምቦልቻ ሐሳብ የለም፤ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ለሚኖር የደሴ ሰው ግን ጠርዝ ላይ ነው።
3. ያገለገለ ከሆነ፣ ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ውስጡ ያለው ስፖንጅ ስለሚፈረካከስ ብዙ ሞዴሎቹን መልሶ መጥራቱን ያስታውሱ። ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ ይጣራ።
4. ጭምብሉ የፊትዎ ልክ ይሁን። ሰው ሲፓፕ የሚጥለው ከማሽኑ ይልቅ በሚያፈስ ጭምብል ነው። ማሰሪያውን ማጥበቅ ፍሳሹን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ተኝተው፣ አየሩ እየነፋ ያስተካክሉት።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ያለ ውኃ ማሞቂያው ሲሠራ 30–60 ዋት ይወስዳል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 600። በ40 ዋት ስምንት ሰዓት 320 ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ጨምሮም አንድ ሌሊት ያሳድራል። ሌሎች ብልሽቶች ቀላል ናቸው፦ አፍ የሚደርቀው በአፍ ስለሚተነፍሱ ነው፣ አገጭ የሚይዝ ማሰሪያ ወይም ሙሉ ጭምብል ይፈልጋል፤ ሆድ የሚነፋው ግፊቱ ሲበዛ ነው። ጭምብሉን በየቀኑ በለሰለሰ ሳሙና ይጠቡ። ለውኃ ማሞቂያው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውኃ እንጂ የቧንቧ ውኃ አይሁን። መጀመሪያ ቀን ቀን ቴሌቪዥን እያዩ ለአንድ ሰዓት ያድርጉት፣ ከዚያ ሌሊት። በየሌሊቱ ቢያንስ ለአራት ሰዓት ያህል፣ ከአሥር ሌሊት በሰባቱ ካልተደረገ ሕክምና ተብሎ አይቆጠርም።

ለልጅ ሲፓፕ የመጀመሪያው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን እብጠት ማውጣት ነው። እንጥል ማስቆረጥ መንገዱን አይከፍትም፤ ደም ያፈስሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል።

እንቅልፍ ለማይወስደው

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ከቆየ ሥር ሰድዷል። የመጀመሪያው ሕክምና አልጋ ላይ ያለውን ጊዜ መቀነስ ነው፤ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል። በምሳሌ፦ ደብተሩ ማታ 3 ሰዓት ገብተው ንጋት 12 ሰዓት እንደሚወርዱ፣ የሚተኙት ግን አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ እንደሆነ ያሳያል። ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ተኩል 61 ከመቶ ነው። የመነሻ ሰዓትዎን ይወስኑ፤ ለሱብሒ ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ዕድለኛ ነው፣ መልሕቁ ተተክሎለታል። ለምሳሌ 11:30። ከሰላቱ በኋላ ተመልሶ መተኛት ግን ሥራውን ያፈርሰዋል። ወደ ኋላ አምስት ሰዓት ተኩል ሲቆጠር መግቢያው ሌሊት 6 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት አልጋ የለም፣ ቀን መተኛት የለም።

በየሳምንቱ ያስሉ፦ ከ85 ከመቶ በላይ ከተኙ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከ80 በታች ከሆነ 15 ይቀንሱ፣ ግን ከአምስት ሰዓት በታች በፍጹም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስተው ሌላ ቦታ ይቀመጡ። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚተወው በአሥረኛው ቀን አካባቢ፣ ሊሠራ ሲል ነው። የሚጥል በሽታ፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበት ሕመም፣ እርግዝና ወይም ያልታከመ የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይጀምረው።

ዲያዜፓም ለወራት የዋጠ ሰው በአንድ ቀን አያቁመው፤ ድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል ዓይነት ሕመም ያመጣል። አወራረዱን ሐኪም በሳምንታት ከፋፍሎ ይጽፍለታል።

እግር ለሚያቁነጠንጠውና ፈረቃ ለሚሠራ

ፌሪቲን ከ75 በታች ከሆነ ሐኪሙ የብረት እንክብል ሊያዝ ይችላል። ከሻይና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው በሎሚ ወይም በብርቱካን ይዋጡት፤ በቡና ከታጠበ ብረቱ ሳይመጠጥ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲልም እግሩን ያባብሳል፤ ለሌላ ሕመም ሲታከሙም ይናገሩ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ፣ ከፈረቃ ሲወጡ ፀሐይ እንዳይመታዎት ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያድርጉ፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፣ ቡናውን በፈረቃው መጀመሪያ ግማሽ ይጨርሱ። ፈረቃ ከመግባት በፊት 20–30 ደቂቃ ማሸለብ ይረዳል።

ከባድ መኪና ይዘው ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርዱ፣ ወይም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮች ለስምንቱ የማንቀላፋት ጥያቄዎች ከ10 በላይ ካስመዘገቡ ምርመራው እስኪጠናቀቅ መሪ አይያዙ። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚገፋው፤ ዓይን ሲከብድ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ መተኛት ነው ያለው።